ድንጋይ ለግራዝማች

እትዬ ኤልዳና ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታጥበው ፊቷን አይደለም፤ ካሜራውን ነው። የእሷን ፊት የሚያይ የለም። የካሜራው መስተዋት ላይ ግን አንዲት የጣት አሻራ ብትገኝ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቁርሱን የሚበላው ሁሉ «ኧረ ጥረጊው!» እያለ ይጮህባታል። ስለዚህ በለብ ያለ ውሃ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ እንደ አራስ ልጅ እያገላበጠች ታጥበዋለች። ከዚያ ከመንጠቆው በላይ ታስረውና ገመዱን ወደ ሐይቁ ትለቃለች። ሞተሩን አስነስታ ቀስ እያለች መጎተት ትጀምራለች።

ሥራው ይኸው ነው። ጀልባው ከፊት፣ መንጠቆው ከኋላ፣ ካሜራው መንጠቆው አናት ላይ። ሠራተኞቹ ጎታቾች ይባላሉ። ድሮ በጭላዳ ሐይቅ ላይ ጎታች እንደ ጉንዳን ነበር። አሁን የቀሩት የአንድ አሳ ሻጭ ድርጅት ሰው አልባ ጀልባዎችና እትዬ ኤልዳና ናቸው።

ሰው ያላየውን አሳ መብላት ከተወ ቆይቷል። ሳልመን የሚባለው አሳ ሲዋኝ ማየት አለበት፣ ሲያመነታ ማየት አለበት፣ ሲነክስ ማየት አለበት። ሲነክስ ያየ ሰው «ያ የእኔ ነው» ይላል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አሳው ደጁ ይደርሳል። ሳይታይ የተያዘ አሳ ለድመት እንኳ አይሰጥም። ድመቶቹም ለምደው ፊልሙን ካላዩ አይቀምሱም ይባላል። እትዬ ኤልዳና ይህን ወሬ አታምንም ነበር፤ የጎረቤቷን ድመት በዓይኗ እስክታይ ድረስ።

ሐይቁ ድሮ ሐይቅ አልነበረም። ብርዳም የገብስ አገር ነበር፤ አስፋልት በመሐሉ ያልፋል፣ ግራና ቀኙ ቤት ነው። ግድቡ ሲዘጋ ውሃው መጣና ሁሉንም አለበሰው። ጎታቾቹ ዛሬም መስመራቸውን የሚለዩት በድሮው ሠፈር ነው። የማደያው መስመር አለ፣ የትምህርት ቤቱ መስመር አለ፣ የወፍጮ ቤቱ መስመር አለ። የእትዬ ኤልዳና መስመር ደግሞ በእናቷ ቤት አናት ላይ ያልፋል። ካሜራው በየቀኑ ቤቱን ያሳያታል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ተወስዷል፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። እናቷ እሷን ከመውለዷ በፊት ከቤቱ ስትወጣ በሩን አልዘጋችም። «ውሃው ሰብሮ ከሚገባ ክፍት ይሁንለት» ብላ ነው የወጣችው።

ያቺው እናት ስትሞት የተወችላት ይህችን መስመር ነው። ሌላ ምን ትተውላት? መሬቱ ውሃ ሆኗል። ቤቱ ውሃ ሆኗል።

ግራዝማች የሚኖሩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

ግራዝማች ሳልመን ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተመልካቾች ናቸው። በዚያ ዘመን ኤልዳናዎቹ፣ ማክቤሎቹና ኬብሮኖቹ አርጅተው ሽበት ሲያወጡ፣ የድሮው ማዕረግ ለአሳ ቀረ። ግራዝማች ትልቅ ናቸው። የታችኛው መንጋጋቸው ወደ ላይ ስለተቆለመመ የተቆጣ ዳኛ ይመስላሉ። ካሜራው ሲቀርብ ከመስኮቱ ይወጣሉ፣ ፊት ለፊት ቆም ይሉና ያዩታል። ከዚያ መንጠቆው ላይ የተሰካችውን የማባበያ ቁራጭ በከንፈራቸው ገፈው ይበላሉ። መንጠቆውን አይነኩም። ሲጨርሱ ዞር ይሉና በበሩ ይገባሉ። በመስኮት ወጥቶ በበር መግባት ልማዳቸው ነው።

ይህን ለማየት በየጠዋቱ ከአንድ ከተማ የሚበልጥ ሕዝብ ይሰበሰባል። ሕዝቡ ሁሉ «እሳቸው» ይላቸዋል። እትዬ ኤልዳና ብቻ ነች «አንተ» የምትላቸው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ግራዝማች እንደ ልማዳቸው ወጡ፣ አዩ፣ ቁራጩን ገፈው በሉ። ሲዞሩ ግን በጅራታቸው ካሜራውን በጥፊ አላሱት። የእትዬ ኤልዳና ስክሪን ላይ የእናቷ ቤት ዞረ፣ ተገለበጠ፣ በሩ ሰማይ ላይ ወጣ። የምትናገረው ሁሉ ለተመልካች እንደሚሰማ የረሳችው ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ቀላዋጭ!» አለች። «ያልጠሩህ ድግስ ላይ የምትገተር! እናትህም ያው ቀላዋጭ ነበረች! ዘር ማንዘርህ ቀላዋጭ ነው! ውጣ ከእናቴ ቤት!»

ጀልባው ላይ ተመልካች የሚጽፈውን የምታነብ ድምፅ አለች። እትዬ ኤልዳና ከፊደል ጋር ብዙም ስለማትዋደድ የምትሰማው ከእሷ ነው፤ «አንባቢዋ» ትላታለች። አንባቢዋ ሁሉን ነገር፣ ልቅሶም ይሁን ስድብ፣ በአንድ ዓይነት ጨዋ ድምፅ ነው የምታነበው።

«ነውር ነው» አለች አንባቢዋ። «ነውር ነው። ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ። እሳቸውን ነው እንዲህ የምትላቸው? እኔ አሁን እያለቀስኩ ነው። ሳቅ። እናታቸው ምን አደረገቻት?»

«እናት የለውም እኮ!» አለች እትዬ ኤልዳና። «በርሜል ውስጥ ነው የተፈለፈለው!»



«ይባስ ብላ የሙት ልጅ ሰደበች» ስትል አንባቢዋ አነበበች። ከዚያ በኋላ ሳቅ አልነበረም።

እኩለ ቀን ሳይደርስ አቶ ማክቤል ስክሪኑ ላይ መጣ። አቶ ማክቤል የድርጅቱ የመስመሮች ኃላፊ ነው፤ የሁሉም ጎታች ፊልም ለተመልካች የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። እትዬ ኤልዳና ከደረቱ በላይ እንጂ ሌላ አካሉን አይታ አታውቅም። ሐይቁ ላይ የእሱ ያልሆነ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ያም እንደ ጥርስ ሕመም ሌት ተቀን ይነዘንዘዋል።

«እትዬ ኤልዳና፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና ነኝ። ምን ሆነህ ነው ፈገግ ያልከው? አንተ ስትስቅ ለእኔ ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም።»

«መስመርዎ ታግዷል። ከግራዝማች ጋር እስኪታረቁ ድረስ መጎተት አይችሉም። ተመልካች ጠይቋል።»

«ከማን ጋር?»

«ከግራዝማች ጋር።»

«ከአሳ ጋር ልታረቅ?»

«‹አሳ› ማለቱን ለጊዜው ቢተዉት ጥሩ ነው፤ ሰው እየሰማ ነው። እንግዲህ እስከ ዓርብ ጀንበር ካልታረቁ መስመሩ ወደ ሰው አልባ ጀልባዎቹ ይዞራል።»

«ይዙር!» አለችና አጠፋችው። ካጠፋችው በኋላ ግን ወደ ውሃው አየች። መስመሩ ከዞረ ቤቱን ዳግመኛ አታየውም፤ የሰው መስመር ላይ ካሜራ መጣል ክልክል ነው።

ረቡዕ ቤቷ ዋለች። ሐሙስም ቤቷ ዋለች። የታጠበውን ካሜራ ደግማ አጠበችው። ጎረቤት እየመጣ «ኧረ ታረቂ» ሲላት፣ «አሳ አይደለም የአሳ ባለቤት ቢመጣ ይቅርታ አልጠይቅም» አለች። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ኬብሮንና ሐጂ አያን በሩን አንኳኩ። ጋሽ ኬብሮን ዕድሜያቸውን በባጃጅ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሐጂ አያን ደግሞ በሠፈሩ ያላስታረቁት ጥል የለም፤ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ በሬና ገበሬ ሳይቀር አስታርቀዋል።

«ማነው የበደለው?» አሉ ሐጂ አያን፣ እንደተቀመጡ።

«እሱ ነዋ!»

«ምን አደረገ?»

«በእናቴ ቤት ተንደላቆ ተቀምጦ ቁራጬን ይበላል። ሲጠግብ ደግሞ በጥፊ ይማታል።»

«አንቺስ? ሰድበሻል ወይስ አልሰደብሽም?»

«ሰድቤያለሁ።»

«ዘሩን?»

«ዘሩን።»

«እናቱንም ጨምረሻል አሉ።»

እትዬ ኤልዳና መሬት መሬት አየች። «ትንሽ» አለች።

ሐጂ አያን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ልጄ፣ ዘር ከተነሳ፣ እናት ከተነሳች፣ ድንጋይ ነው።»

ድንጋይ ነው ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተበደለው ፊት ይቀርባል። የተበደለው «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን ያነሳለታል። ካነሳለት ወዲያ ጥል የለም፣ ቂም የለም፣ ያን ነገር ደግሞ የሚያነሳ ሰው የተረገመ ነው።

«ለአሳ?» አለች እትዬ ኤልዳና። «ሐጂ፣ እናቴ ብታየኝ በሳቅ ነበር የምትሞተው።»

«ትሳቅ» አሉ ጋሽ ኬብሮን። «መስመሯን ለማክቤል ከሰጠሽው ግን አትስቅም።»

እትዬ ኤልዳና ተነስታ ወጣችና ደጃፏ ካለው ክምር ድንጋይ ትመርጥ ጀመር። ስታነሳና ስትጥል ቆይታ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ጥቁር ድንጋይ ይዛ ተመለሰች።

«ኧረ አነስ ያለ ይበቃል!» አሉ ጋሽ ኬብሮን።

«ከተሸከምኩ አይቀር ጠጠር አልሸከምም። ማክቤል ይሳቅብኝ?»

ዓርብ ከሰዓት ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ቄስ ናታኒም ተጨምረው ነበር። እሳቸው ግን ጀልባዋን ካዩ በኋላ «እኔ ከዚህ ሆኜ ብጸልይ ይሻላል» ብለው ዳር ቀሩ። ጋሽ ኬብሮን በሕይወታቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። እንደተቀመጡ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ጠየቁ።

«ፍሬኑ የት ነው?»

«ፍሬን የለውም፣ ጋሼ።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚቆመው?»

«ሲደክመው።»



ከቤቱ አናት ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋች። ካሜራውን ያለ መንጠቆ ለቀቀችው፤ ሐጂ አያን «መንጠቆ ይዞ ይቅርታ የለም» ብለው ነበር። ስክሪኑ ላይ ቤቱ ብቅ አለ፣ በሩ፣ መስኮቱ። አንባቢዋ የተመልካቹን ቁጥር መጥራት ጀምራ አላልቅ ሲላት ተወችው። እርቁ እንዲታይ ድርጅቱ ጀልባዋ ላይ ሌላ ካሜራ ተክሏል፤ አቶ ማክቤል በስክሪኑ ጥግ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል።

ግራዝማች በመስኮቱ ወጡ።

ሐጂ አያን ጎንበስ ብለው ወደ ውሃው ተናገሩ። «ግራዝማች፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህች ልጃችን ተሳስታለች። ሰው ነች፣ ሰው ይሳሳታል። እኛም ፊታችንን ይዘን፣ ሽበታችንን ይዘን መጥተናል። ሽበታችንን አይተው ይማሩልን።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «በይ።»

እትዬ ኤልዳና ተንበረከከች። ቀዩን ሻሿን በማጅራቷ ላይ አመቻችታ ድንጋዩን ጫነችበት።

«ይቅርታ» አለች።

«ማንን?»

«ይቅርታ፣ ግራዝማች።»

«አንቱ በያቸው።»

ጥርሷ ተፋጨ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግራዝማች።»

ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉ። ደግመው ከፈቱ።

«ይቅር አሉ?» ብለው ሐጂ አያን ወደ ጋሽ ኬብሮን ዞሩ።

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሽ ኬብሮን ዓይናቸውን ጨፍነው። «አሳ መቼም አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ነው የሚውለው።»

«ምን አሉ?» አለች አንባቢዋ። «አልተሰማም። ድምፅ ጨምሩ። ድምፅ ጨምሩ።»

ግራዝማች ዞሩና በበሩ ገቡ።

ሐጂ አያን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቃ ልጄ፣ ብለሻል። እኛ እናንሳልሽ።»

«አይሆንም።»

«ምን?»

«የተበደለው ነው የሚያነሳው። ሲሰደብ የሰማ ይቅርታውንም ይስማ። አታንሱልኝ።»

«ኤልዳናዬ፣ እጅ የለውም እኮ!»

«የራሱ ጉዳይ ነው። ትናንት ለአሳ ይቅርታ የለም ስል አይሆንም አላችሁኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። እንግዲህ ግማሽ ይቅርታ ደግሞ የለም። ባልተነሳልኝ ድንጋይ ተነሳልኝ ብዬ ማክቤል ነገ ‹አልታረቀችም› ይበለኝ?»

አቶ ማክቤል ጥግ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። በእርግጥም እንዲያ ሊል አስቦ ነበር።

ጀንበሯ ወደ ተራራው አዘመመች። ማጅራቷ መጀመሪያ አቃጠላት፣ ከዚያ ደነዘዘ። ጋሽ ኬብሮን በጀልባው ወለል ላይ ተዘርግተው ሰማዩን እያዩ «አንድ ቀን መሬት እረግጥ ይሆን?» ይላሉ። ሐጂ አያን የጸሎት መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንባቢዋ ታነባለች፦ «አንገቷን አያማትም? ምን ያህል ይከብዳል? እሳቸው ራት ላይ ይሆናሉ። ሳቅ። ባሌንም እንዲህ ባደረግሁት።»

እትዬ ኤልዳና እየደከማት፣ ጎንበስ ስትል፣ ጎንበስ ስትል፣ ፊቷ ከውሃው ሊነካ ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን ያየችው በስክሪን ነው። በዓይኗ አይታው አታውቅም። ውሃው የጠራ ነበር፤ ከታች፣ በጣም ከታች፣ አንድ ቀጥ ያለ ጥላ ታያት። የበሩ መቃን ነው።

«ይኸውልህ» አለች ቀስ ብላ፣ ለውሃው። «ቀላዋጭ ያልኩህ ስለ ቁራጩ አይደለም። ቁራጩ ይቅርብኝ። አንተ በመስኮት ትወጣለህ፣ በበር ትገባለህ። እኔ በላዩ እየተመላለስኩ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። በአሳ ቀናሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሳቅ ከፈለግህ።»



የሻሿ ጫፍ ተንጠልጥሎ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ቀይ ነው፣ ዘርፍ አለው፤ ማዕበሉ ሲያወዛውዘው ውሃው ውስጥ ይጨፍራል። ግራዝማች ከመስኮቱ ብቅ አሉ። ቀጥ ብለው ወደ ላይ መጡ። ካሜራውን አለፉት። አፋቸውን ከፍተው ዘርፉን ላፍ አደረጉና ወደ ታች ጎተቱ።

አንገቷ ወደ ጎን ተጠማዘዘ። ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ በትከሻዋ ተንከባለለ፣ ቧ! ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

«አነሱላት!» ብለው ሐጂ አያን ብድግ አሉ፤ ጀልባው ተናጠ፣ ጋሽ ኬብሮን ጮኹ።

«አነሱላት» አለች አንባቢዋ። «አነሱላት። አነሱላት። አነሱላት። እልል። አነሱላት።»

እትዬ ኤልዳና ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። የሻሹ አንዱ ጫፍ በእጇ ነው። ሌላው ጫፍ ግራዝማች አፍ ውስጥ ነው፤ ዘርፉ ጥርሳቸው ላይ ተጠምጥሟል። እየታገሉ ነው፣ አልወጣ ብሏቸዋል። አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርግ ጀልባዋ ውስጥ ናቸው። ይህን ያህል አሳ በሕይወቷ ይዛ አታውቅም፤ እናቷም ይዛ አታውቅም። ክንዷ ሳታዝዘው ተወጠረ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ አያን በቀስታ። «እርቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እጅሽ አያውቅም።»

እጇን አየችው። ጥግ ላይ አቶ ማክቤል ሳቢው፣ ሳቢው የሚል ፊት ነው ያለው። እትዬ ኤልዳና በሌላኛው እጇ አገጯ ሥር ያለውን ቋጠሮ ፈታችውና ሻሹን ለቀቀችው። ጸጉሯ በተመልካች ፊት ሲታይ ያ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ አንባቢዋም «ሽበት አላት» ብላ አነበበች።

ግራዝማች ሻሹን እየጎተቱ ወረዱ። ለአንድ ቀን ልማዳቸውን ትተው በመስኮቱ ገቡ። ሻሹ ግን አብሮ አልገባም፤ መስኮቱ ላይ ተያዘና ተዘረጋ። ከታች፣ ባዶ በነበረው ቤት መስኮት ላይ፣ ቀይ መጋረጃ ይወዛወዛል።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ አቶ ማክቤል፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው። «መስመርዎ ተመልሷል።»

ቅዳሜ ጎተተች። እሑድ ዐረፈች። ሰኞ ጎተተች፤ ግራዝማች ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው ቁራጩን በሉ፣ ሌሎቹ ሳልመኖች መንጠቆውን ነከሱ፣ ሁሉም የድርሻውን አገኘ። ማክሰኞ ግን ከድርጅቱ ጀልባዎች አንዱ መንገድ ለማሳጠር በእናቷ መስመር አቋርጦ ሄደ። መንጠቆው መጋረጃውን ያዘው። ግራዝማች የሻሹ ጫፍ ላይ ተኝተው ነበር መሰል፣ ሻሹን ተከትለው እየተንከባለሉ በመስኮቱ ወጡ። ጀልባው ምንም አልተሰማውም፤ ሻሹን እንደ ባንዲራ እየጎተተ ሄደ። ይህን ሁሉ የራሱ ካሜራ ለተመልካች አሳየ።

«ድንጋይ» አለች አንባቢዋ። «ድንጋይ። ድንጋይ። ድንጋይ። ድንጋይ።»

የድርጅቱ ጀልባዎች እስኪታረቁ ድረስ ቆሙ። የድርጅቱ ባለሙያዎች ድንጋይ አምጥተው የጀልባው አፍንጫ ላይ አሰሩለት። ጀልባው ጭነት በዝቶብኛል ብሎ ዞሮ ወደብ ገባ። ሌላ ጀልባ ላይ ሞከሩ፤ እሱም ገባ። ተመልካቹ ይባስ ተቆጣ። አንገት የሌለው ነገር እንዴት ይታረቃል? ጎንበስ ሳይል? ሳያመው?

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ኤልዳና ካሜራዋን ስታጥብ በሩ ተንኳኳ። አቶ ማክቤል ነው። እግር እንዳለው ያን ቀን አወቀች። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ሰማያዊ ክራቫት አስሯል፣ ጫማው ላይ ጭቃ አለ።

«እትዬ ኤልዳና፣ እርስዎ ልምዱ አለዎት» አለ። «ድርጅቱን ወክለው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሸከሙልን…»

«የሰው ድንጋይ አልሸከምም። የበደለ ነው የሚሸከመው።»

«የበደለው ጀልባው ነው።»

«ጀልባውን ማን ነዳው?»

«ማንም አልነዳውም።»

«ማን ላከው?»

አቶ ማክቤል ጫማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የጎረቤቷን ድመት አየ።

«ድንጋዩ እዚያ ነው» አለች እትዬ ኤልዳና በአገጯ እያመለከተች። «ምረጥ።»

ሄደና ከክምሩ ትንሿን አነሳ። እሷም ካሜራውን አስቀምጣ መጣች፣ ድንጋዩን ከእጁ ተቀብላ ወደ ክምሩ መለሰችና ሌላ አሳየችው። «ያኛው» አለች። «ዘራቸውን አልሰደብኩም እንዳትለኝ፤ ከአልጋ ነው የጎተታችኋቸው።»

ከሰዓት በእሷ ጀልባ ወጡ። ሐጂ አያን ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ኬብሮን ዳር ላይ ከቄስ ናታኒም ጋር ቀሩ፤ እኔም መጸለይ ለምጃለሁ ብለዋል። ቤቱ አናት ላይ ሲደርሱ አቶ ማክቤል ሱሪው እንዳይቆሽሽ መሃረብ አንጥፎ ተንበረከከ። እትዬ ኤልዳና መሃረቡን ከሥሩ ሳብ አድርጋ ወሰደችበት። ድንጋዩን ተሸከመ። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ግራዝማች» አለ፤ ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፣ ለስብሰባ የለመደ ሰው ነው።

ግራዝማች አልወጡም።

«ቤት የሉም ይሆን?» አለ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ።

«አሉ። አኩርፈው ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምሆነው?»

«እስኪያነሱልህ።»

«እርስዎን እኮ የረዳዎት ሻሹ ነው! እኔ ሻሽ የለኝም!»

እትዬ ኤልዳና አሰበችበት። ይሠራ አይሠራ አታውቅም፤ አሳ ነው፣ የአሳን ልብ ማን ያውቃል? «ክራቫትህን ልቀቀው» አለችው።

አቶ ማክቤል በአንድ እጁ ድንጋዩን ደግፎ በሌላው ክራቫቱን ከኮቱ ውስጥ አወጣና ውሃው ላይ አንጠለጠለው። ቆዩ። ስክሪኑ ላይ የተቆለመመ መንጋጋ ከመስኮቱ ብቅ አለ። ግራዝማች ወጡ፣ ወደ ላይ ወጡ፣ ክራቫቱ ሥር ደረሱ። ከዚህ ጎን አዩት። ከዚያ ጎን አዩት።  ግራዝማች ዞሩ፣ ቀስ ብለው ወረዱ፣ በበሩ ገቡ።

«ሳቅ» አለች አንባቢዋ። «ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ።»

«ቀለሙን አልወደዱትም» አሉ ሐጂ አያን። «ነገ ሌላ አስረህ ና።»

«ነገም?»

«ነገም» አለች እትዬ ኤልዳና። መንጠቆውን በገመዱ ላይ እየመለሰች ነበር፤ ቀኑ ገና ነው፣ መስመሯም ረጅም ነው። ሞተሩን አስነሳች። «አንተ ተንበርክከህ ቆይ፣ እኔ ሥራዬን ልጎትት። ክራቫትህን ግን ሰብስበው፤ ካሜራውን ጋርደኸዋል።»